ላብ ውስጥ ቮልቴጅ ለመመዝገብ በአቅማችን ሚገኝ ዳታ ሎገር የቱ ነው? (የእምቦጭ ሴል ሙከራ፣ ባህር ዳር)

ቤዛዊት_ላብ
ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር ነው ያለሁት፣ የማስተርስ ስራዬ ማይክሮቢያል ፊውል ሴል ላይ ነው፣ ማለትም ከጣና ዳር የተሰበሰበ እምቦጭ ደርቆ ይፈጭና ከሐይቁ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል፣ ከዛ ጭቃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሚወጣውን ኤሌክትሪክ በካርቦን ኤሌክትሮድ እንሰበስባለን። 8 ሴል አለኝ፣ እያንዳንዱ ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ታስሯል፣ ምለካው በሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ነው። ጥሩ ሲሰራ ከ0.3 እስከ 0.6 ቮልት ይሰጣል፣ ሲደክም ወደ ዜሮ ይጠጋል።

እስካሁን በእጅ መልቲሜትር ጠዋትና ማታ ነው ምመዘግበው። ግን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ምንም አላውቅም፣ ግራፉም ላይ ትልቅ ክፍተት አለ፣ እና ይሄ ስራ ለሐይቁም ለአካባቢው ሰውም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን በግማሽ ዳታ ማቅረብ አልፈልግም። ፕሮፎርማ ያስመጣነው ለናሽናል ኢንስትሩመንትስ ዩኤስቢ-6009 (ቮልቴጅ ለክቶ ወደ ኮምፒውተር ሚያስገባ ዕቃ) ነው፣ ዋጋው በአሁኑ ዶላር ከጠቅላላ በጀቴ በላይ ሆነ። ላቡ ደግሞ ሚገዛው ዕቃ ለ3ኛ አመት ተማሪዎች የአርሲ (ሬዚስተርና ካፓሲተር) ሰርኪዩት ፕራክቲካልም እንዲያገለግል ይፈልጋል። ምን ትመክሩኛላችሁ? በአቅም ሚገኝ ሆኖ ለቲሲስ ሚታመን ነገር ነው ምፈልገው።

አባይ_ማዶ
አርዱይኖ ኡኖ ሚባለው ፕሮግራም ሚደረግ ትንሽ ቦርድ በቃ። 6 አናሎግ ፒን አለው፣ ሁለት ካደረግሽ 12፣ ኮዱ 10 መስመር አይሞላም። ላቡ ውስጥም መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ አይጠፋም፣ ተማሪ ሁሉ ለፋይናል ፕሮጀክት ሚገዛው እሱን ነው። ዶላር ምን አስፈለገ።

ቀበሌ_14
@አባይ_ማዶ ወንድሜ ኡኖ ብቻውን ለዚህ ስራ አይሆንም፣ ሂሳቡን እንየው። የኡኖ ኤዲሲ (ቮልቴጁን ወደ ቁጥር ሚቀይረው ክፍል) 10 ቢት ነው፣ 5 ቮልትን ለ1024 ደረጃ ይከፍለዋል፣ አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ማለት ነው። ሴሏ 0.4 ቮልት ሲሰጥ አንድ ደረጃ ብቻ ከ1 ፐርሰንት በላይ ነው፣ ሴሉ ወደ 50 ሚሊቮልት ሲወርድ ደግሞ ወደ 10 ፐርሰንት ይጠጋል። ቀስ ብሎ ሚወርድ ነገር ግራፉ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ነው ሚታየው።

ሌላው ደግሞ ሰው ልብ ማይለው ነገር፣ ኡኖ ካልነገርሽው በስተቀር ሚያወዳድረው ከዩኤስቢ ከሚመጣው 5 ቮልት ጋር ነው። ያ 5 ቮልት እንደ ላፕቶፑና እንደ ኬብሉ 4.7ም 5.1ም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚ ሴሉ ምንም ሳይለወጥ ላፕቶፕ ስትቀይሪ ውጤትሽ ይቀየራል። ውስጡ ያለውን 1.1 ቮልት ሪፈረንስ ብትጠቀሚ ደረጃው ወደ 1 ሚሊቮልት ይወርዳል፣ ይሄ ይሻላል፣ ግን እሱም ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ በጥሩ መልቲሜትር ለክተሽ ኮዱ ውስጥ ማስገባት አለብሽ።

ሽምብጥ
እህቴ ቤዛዊት፣ ዕቃ ከመምረጣችን በፊት እስቲ እነዚህን መልሺልኝ። አንደኛ፣ ስምንቱ ሴሎች ለየብቻ ዕቃ ውስጥ ናቸው ወይስ አንድ ውሃ ይጋራሉ? ሁለተኛ፣ ቮልቴጁ ወደ ኔጌቲቭ ሊገለበጥ ይችላል? ሦስተኛ፣ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት ነው መመዝገብ ምትፈልጊው? አራተኛ፣ ሴሎቹ አጠገብ ከ220 ቮልት ጋር ሚገናኝ ነገር አለ፣ ፓምፕ ማሞቂያ ምናምን?

ሰው ዳታ አኩዊዚሽን ልግዛ ሲል መጀመሪያ ሚያየው ስንት ቢት ነው፣ በሰከንድ ስንት ሳምፕል ነው ሚለውን ነው። የአንቺን ስራ ሚወስኑት ግን አንደኛውና አራተኛው ጥያቄ ናቸው።

ቤዛዊት_ላብ
አመሰግናለሁ ጋሼ። አራቱ ለየብቻ ማሰሮ ውስጥ ናቸው (የፕላስቲክ ጃር)፣ አራቱ ግን አንድ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ነው ያሉት፣ ሐይቁን እንዲመስል ጭቃው ከስር ውሃው ከላይ ሆኖ። መገልበጥ ያጋጥማል፣ ብዙ ባይሆንም እስከ -0.2 ቮልት ይሄዳል። በየደቂቃው ብመዘግብ ይበቃኛል። ሳፋው ውስጥ አየር ሚሰጥ ውሃ ውስጥ ሚጠልቅ ትንሽ ፓምፕ አለ፣ ሶኬት ላይ ነው ሚሰካው።

ሽምብጥ
እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ሳፋው ውስጥ ያሉት አራቱ በውሃው በኩል እርስ በርሳቸው የተገናኙ ናቸው፣ ሽቦ ባይኖርም ውሃው ራሱ ሽቦ ነው። የሁሉንም ኔጌቲቭ አንድ ላይ አስረሽ ግራውንድ ላይ ብታሳርፊ፣ ጭቃው ውስጥ ያሉትን አራት አኖዶች (ኔጌቲቭ ኤሌክትሮዶች) አንድ ላይ ሾርት አደረግሻቸው ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ምትለኪው አራት ሴል ሳይሆን የተደባለቀ አንድ ነገር ነው። ዳታው ያምራል፣ ግራፉ ለስላሳ ይሆናል፣ ማንም አያውቅብሽም፣ ግን ልክ አይደለም። ስለዚ ለሳፋው ዲፈረንሺያል ግብአት የግድ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሴል ሁለት ገመድ፣ ልዩነቱን ብቻ ሚለካ።

አሁን ፕሮፎርማ ያስመጣችሁበትን 6009 እይው። በሲንግል ኤንድድ (ሁሉም አንድ ግራውንድ ሲጋሩ) 8 ቻናል ነው፣ በዲፈረንሺያል ግን 4 ብቻ። በዛ ላይ የግብአት ሬዚስታንሱ 144 ኪሎ ኦም ነው፣ ለ1 ኪሎ ኦምሽ ከ1 ፐርሰንት ያነሰ ስህተት ነው ሚያመጣው፣ ይሁን እንበል፣ ግን ሬዚስተሩን አውልቀሽ ኦፕን ሰርኪዩት ልለካ ስትይ ዕቃው ራሱ የሴሉን ቮልቴጅ ይረብሻል። ምንም ሳይገናኝበት ራሱ 1.4 ቮልት አካባቢ ነው ሚያሳየው። መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ ለሌላ ስራ የተሰራ ነው።

ለአንቺ ምለው ኤዲኤስ1115 ነው። ትንሽ ሰርኪዩት ቦርድ ናት፣ ከአርዱይኖ ጋር በአይ-ስኩዌርድ-ሲ በሁለት ገመድ ትገናኛለች። 16 ቢት ናት፣ ውስጧ አምፕሊፋየርና የራሷ ሪፈረንስ አላት፣ ±2.048 ቮልት ላይ ስታደርጊያት አንዱ ደረጃ 62.5 ማይክሮቮልት ነው። በሰከንድ እስከ 860 ሳምፕል ትሰጣለች፣ በደቂቃ አንድ ለምትፈልገው ሰው ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ዲፈረንሺያል ጥንድ አላት፣ አራት የተለያየ አድራሻ ስለምትቀበል አራት ቦርድ በአንድ አርዱይኖ ላይ ይሰራል፣ 8 ዲፈረንሺያል ቻናል አገኘሽ ማለት ነው።

ፖሊ_ሰርኪዩት
ይቅርታ ጋሼ፣ በቴክኒኩ አልቃወምም፣ ግን ላብ ውስጥ በብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሚሰካበት ሰሌዳ) የተሰካ ነገር ለቲሲስ ማቅረብ ከባድ ነው። ኤግዛሚነሩ ካሊብሬሽን ሰርተፊኬቱ የታል ሲል ምን ትላለች? እኔ ምለው ትንሽ ቢጠበቅም ላብጃክ ቲ7 ይሻላል፣ 14 ቻናል ነው፣ በዲፈረንሺያል 7፣ ከ±10 ቮልት እስከ ±0.01 ቮልት ሬንጁ በሶፍትዌር ይቀየራል፣ ግብአቱ በጊጋ ኦም ነው፣ ፓይተን ላይብረሪው በነፃ ነው። ዋጋው ካስቸገረ ደግሞ ከዛው ካምፓኒ ዩ3-ኤችቪ አለ፣ ዋጋው በጣም ያንሳል።

ቀበሌ_14
@ፖሊ_ሰርኪዩት ቲ7ን ማንም አይጠላም፣ እኔም ባገኘው ደስ ይለኛል። ዩ3-ኤችቪ ግን በደረጃው ከኡኖ አይሻልም እኮ፣ 12 ቢት ነው፣ ±10 ቮልት ሚቀበሉት አራቱ ግብአቶች ላይ 20 ቮልትን ለ4096 ስትከፍለው አሁንም 4.9 ሚሊቮልት ነው ሚመጣው። ተመሳሳይ ደረጃ! ለዛ ነው ቢት ብቻ አትቁጠሩ ምንለው፣ ቢቱ በስንት ቮልት ላይ እንደተዘረጋ ነው መታየት ያለበት። ናሽናል ኢንስትሩመንትስ ዩኤስቢ-6001ም 14 ቢት ሆኖ በ±10 ቮልት ላይ ስለተዘረጋ 1.2 ሚሊቮልት ነው። ኤዲኤሷ በጥቂት ገንዘብ ያንን 20 ጊዜ ያህል ትከፋፍለዋለች።

ሽምብጥ
@ፖሊ_ሰርኪዩት የካሊብሬሽኑ ጥያቄ ትክክል ነው፣ ሊታለፍም አይገባም። ግን መልስ አለው። ላቡ ውስጥ ካሊብሬት የተደረገ አንድ ጥሩ ቤንች መልቲሜትር ካለ፣ አንድ የ1.5 ቮልት ባትሪ በሬዚስተር እየከፋፈልሽ 0፣ 0.1፣ 0.3፣ 0.6፣ 1.0 ቮልት ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ታነቢያለሽ፣ ሁሉንም ቻናል፣ ፖላሪቲውንም ገልብጠሽ። ልዩነቱን በቴብል አድርገሽ አፔንዲክስ ላይ ታስገቢያለሽ። ሙከራው ሲጀመር አንዴ፣ ሲያልቅ አንዴ። ኤግዛሚነር ሚፈልገው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው፣ የውድ ዕቃ ስም ብቻውን ያንን አይመልስም። ብሬድቦርዱን ግን እኔም አልደግፈውም፣ ፐርፍቦርድ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው መበየጃ ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ስክሩ ተርሚናል ይግባበት። እርጥበት ባለበት ቦታ የብሬድቦርድ ስፕሪንግ ይዝጋል፣ ሚሊቮልት ላይ ያስቸግራል።

ዘጌ_ዳር
ኤዲኤስ1115 ምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ገበያ ላይ 1115 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 1015 የሆነ ቦርድ ይሸጣል፣ 1015 ማለት 12 ቢቱ ነው። በዓይን አይለይም። ማጣሪያው ቀላል ነው፣ ቦርዱን ±2.048 ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ ሚቀያየር ቮልቴጅ ስጡትና ጥሬ ቁጥሩን አሳትሙት፣ ሁሌ በ16 ሚካፈል ቁጥር ብቻ ከመጣ (3200፣ 3216፣ 3232...) 1015 ነው። ትክክለኛው 1115 ከሆነ 3203፣ 3211 እያለ የመጨረሻው ዲጂት ይዘልላል። ከአዲስ ምታስመጡ ከሆነ ከሻጩ ጋር መጀመሪያ ተስማሙ፣ መልሶ መላክ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

አባይ_ማዶ
እሺ ኡኖን ተውኩት፣ ኢኤስፒ32 ሚባለው ቦርድስ? 12 ቢት ነው፣ ዋይፋይ አለው፣ ዳታው ቀጥታ ስልኳ ላይ ይመጣላታል፣ ሌሊት ከቤቷ ሆና ታየዋለች።

ቀበሌ_14
ዋይፋዩ ጥሩ ሃሳብ ነው፣ ኤዲሲው ግን ቀጥ ያለ አይደለም፣ በተለይ ታችና ላይ ጫፉ ላይ ይጎብጣል፣ የሷ ሲግናል ደግሞ ታች ነው ያለው። ግማሹ ፒን ማለትም ኤዲሲ2 ሚባለው ዋይፋይ ሲበራ አይሰራም። ኢኤስፒ32 + ኤዲኤስ1115 ከሆነ ግን ምንም ችግር የለውም፣ መለኪያዋ ኤዲኤሷ ናት፣ ኢኤስፒው ላኪ ነው። 3.3 ቮልት ላይ መስራቱን ብቻ አትርሱ፣ ኤዲኤሷን በ3.3 ካበራችኋት ፒኗ ላይ ከ3.6 በላይ መስጠት ክልክል ነው።

ቤዛዊት_ላብ
በጣም ነው ማመሰግነው፣ ስለ ውሃው መገናኘት ማንም አልነገረኝም ነበር። ሁለት ጥያቄ። ኔጌቲቩን ግራውንድ ላይ ካላሳረፍኩ የት ነው ማስረው፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፍ? የተገለበጠውስ -0.2 ቮልት ኤዲኤሷን አያቃጥላትም?

ሽምብጥ
ሁለቱም አንድ መልስ ነው ያላቸው።

ይንሳፈፍ ማለት አይቻልም። ዲፈረንሺያል ቢሆንም እያንዳንዱ ፒን ለብቻው ከግራውንድ በታች ከ0.3 ቮልት በላይ መውረድ፣ ከመጋቢው ቮልቴጅም ከ0.3 በላይ መውጣት የለበትም። የተንሳፈፈ ሴል የት እንዳለ አይታወቅም፣ ንባቡ ይንሸራተታል፣ እጅሽን ስታስጠጊ ይቀየራል። -0.2 ደግሞ ገና ወሰኑ ውስጥ ነው፣ ግን ጠርዝ ላይ ነው፣ ጠርዝ ላይ አንኑር።

ምታደርጊው፣ ከአርዱይኖው 5 ቮልት እስከ ግራውንድ ሁለት 10 ኪሎ ኦም በተከታታይ እሰሪ፣ መሃላቸው 2.5 ቮልት ይሆናል፣ ከዛ ነጥብ ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጣይበት። ለየብቻ ጃር ውስጥ ያሉትን የአራቱን ኔጌቲቭ እዛ 2.5 ላይ አሳርፊ፣ ለየብቻ ስለሆኑ ችግር የለውም። ከሳፋው ደግሞ የአንዱን ሴል ኔጌቲቭ ብቻ እዛ ላይ አሳርፊ፣ ሌሎቹ በውሃው በኩል ራሳቸው በዛ አካባቢ ይቀመጣሉ። አሁን ሴሉ ወደ ፕላስም ወደ ማይነስም ቢሄድ ፒኖቹ ከ1.5 እስከ 3.5 ቮልት መካከል ናቸው፣ ኤዲኤሷ ማይነሱን በምልክቱ ትነግርሻለች።

የጃሮቹን ከዚህም መቆጠብ ይቻላል፣ ኤዲኤሷ ሦስት ፒኖችን ከአራተኛው ጋር እያወዳደረች መለካት ትችላለች፣ አራተኛውን የጋራ ኔጌቲቭ ካደረግሽው በአንድ ቦርድ ሦስት ሴል። ግን አራት ቦርድ ገዝተሽ ሁሉንም በጥንድ ብታደርጊው ማስታወሻሽ አይደበላለቅም፣ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው።

ፓምፑ ግን ያስፈራኛል። ውሃ ውስጥ ሚጠልቅ የ220 ፓምፕ ማሸጊያው ሲያረጅ ወደ ውሃው ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ መለኪያሽን ማበላሸቱ ቀርቶ እጅሽን ሳፋው ውስጥ ስትከቺ አደጋ ነው። ውጪ ሚቀመጥና አየሩን በቱቦ ሚልክ የአኳሪየም ፓምፕ ቀይሪው፣ ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጪው፣ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ እንዳይመለስ።

ዳንግላ_ልጅ
ሳልጠየቅ ገባሁ፣ በዚችው ኤዲኤስ ፒኤች ኤሌክትሮድ ቀጥታ መለካት ይቻላል? አንዱ ፒኤች በ25 ዲግሪ 59 ሚሊቮልት ነው፣ ሬንጁ ይስማማል።

ቀበሌ_14
@ዳንግላ_ልጅ ሬንጁ ይስማማል፣ የመስታወቱ ሬዚስታንስ ግን አይስማማም። ፒኤች መስታወት ከ100 ሜጋ ኦም በላይ ሊሆን ይችላል፣ ኤዲኤሷ በሜጋ ኦም ጥቂት ናት፣ ቮልቴጁን ትበላዋለች። መሃል ላይ ግብአቱ በጣም ከፍተኛ የሆነ ኦፕአምፕ ባፈር ያስፈልጋል።

ፖሊ_ሰርኪዩት
ለፊውል ሴሉ ኤዲኤሷን ተቀብያለሁ፣ አሳምናችሁኛል። የ3ኛ አመት ፕራክቲካሉስ? አርሲ ሰርኪዩት በ860 ሳምፕል አይለካም። 1 ኪሎ ኦም ከ1 ማይክሮፋራድ ጋር ታይም ኮንስታንቱ (ካፓሲተሩ 63 ፐርሰንት እስኪሞላ ሚወስደው ጊዜ) 1 ሚሊሰከንድ ነው፣ በዛ ውስጥ አንድ ነጥብ እንኳ አትይዝም። ለዚህ 6001 ወይ 6009 የግድ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ግዢ ማጠቃለል ይሻላል።

ሽምብጥ
እኔ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማጠቃለሉን ነው ምቃወመው። አንዱ ዝግተኛና ትንሽ ሆኖ ሳምንታት ሳይቋረጥ መሄድ ያለበት ነው፣ ሌላው ፈጣን፣ በተማሪ እጅ ሚነካካ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ሚሰራ ነው። አንድ ዕቃ ከገዛችሁ ሐሙስ ተማሪ ሲመጣ የቤዛዊት ሙከራ ይቆማል።

ለተማሪዎቹ ሰርኪዩቱን ቀይሩት። 10 ኪሎ ኦም ከ100 ማይክሮፋራድ ጋር ብታደርጉት ታይም ኮንስታንቱ 1 ሰከንድ ይሆናል፣ ኡኖው ራሱ በሚገባ ይለካዋል፣ ለ0-5 ቮልት 4.9 ሚሊቮልት ደረጃ ምንም አይልም። ተማሪው ኩርባው ሲወጣ በዓይኑ እያየ 63 ፐርሰንት ጋ ሲደርስ ሰዓቱን ይይዛል። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር 20 ፐርሰንት ሊሳሳት ስለሚችል ከስሌቱ ጋር አልገጠመም ሲል ለምን ብሎ እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። ለፈጣኑ፣ ለፍሪኩዌንሲ ሪስፖንሱ፣ ላቡ ኦሲሎስኮፕ ካለው እሱ ነው ትክክለኛ መሳሪያው። 6001 ሚለው 20 ሺህ ሳምፕልም ቢሆን ለሁሉም ቻናል የጋራ ነው፣ አራት ቻናል ስትከፍት ለአንዱ 5 ሺህ ይደርሰዋል።

ፖሊ_ሰርኪዩት
ሰርኪዩቱን መቀየር አላሰብኩትም ነበር፣ ጥሩ ነው። ላቡ ኦሲሎስኮፕ አለው።

ቤዛዊት_ላብ
ወሰንኩ፣ አንድ ኡኖ፣ አራት ኤዲኤስ1115፣ ኤስዲ ካርድ ሞጁል፣ ሰዓት ያዥ ዲኤስ3231። ፓምፑንም እቀይራለሁ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥብኝ በፓወር ባንክ ላስኬደው ነው፣ ይሆናል?

ዘጌ_ዳር
ፓወር ባንኩን ሌሊቱን ሙሉ ፈትኚው። ብዙዎቹ ሚወጣው ከረንት ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞላ ብለው ራሳቸው ይጠፋሉ፣ አርዱይኖ ደግሞ ሚበላው ትንሽ ነው። ማይጠፋ ካላገኘሽ 12 ቮልት ባትሪ ከቻርጀሩ ጋር፣ ከሱ በባክ ኮንቨርተር ወደ 5 ቮልት አውርጂው። 12ቱን ቀጥታ ኡኖው ላይ አትሰኪው፣ ሬጉሌተሩ ይግላል።

ሽምብጥ
ጥሩ ምርጫ ነው። ጥቂት ነገር ልጨምር፣ ከዛ ስራሽን ጀምሪ።

በየደቂቃው አንድ ንባብ ብቻ አትውሰጂ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ፣ ረጅም ገመድ ያንን እንደ አንቴና ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ ቻናል ለአንድ ሰከንድ ያህል ሳታቋርጪ አንብበሽ አማካዩን መዝግቢ፣ ሙሉ 50 ዙር ስለሚሆን ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቻናል ስትቀያይሪ የመጀመሪያውን ንባብ ጣይው። የእያንዳንዱን ሴል ሁለት ገመድ አንድ ላይ ጠምዝዢ።

ኤስዲው ላይ ፋይሉን ክፍት አድርገሽ አትተይው፣ በየመስመሩ ጽፈሽ ዝጊው፣ ኃይል በድንገት ቢቋረጥ ሚጠፋሽ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። በቀን 1440 መስመር ነው፣ ካርዱ ለአመታት አይሞላም። ኡኖውን ከላፕቶፕ አገናኝተሽ ሲሪያል ሞኒተር ስትከፍቺ ቦርዱ ሪሴት እንደሚያደርግ እወቂ፣ ኮድሽ ሲነሳ አዲስ ፋይል ሳይሆን የድሮው ላይ እንዲቀጥል አድርጊው።

ሰዓቱን ደግሞ ከመጀመሪያው በ24 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ሙዪው፣ ማስታወሻ ደብተርሽም ላይ እንደዛው ጻፊ። ግማሹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ግማሹ 8፡00 እያለ ከተደባለቀ የሙቀቱን ግራፍ ከቮልቴጁ ጋር ስትደርቢው 6 ሰዓት ይንሸራተታል፣ አንቺ ምትፈልጊው ደግሞ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ውጤት ነው።

ቤዛዊት_ላብ
እሺ ጋሼ፣ ሙቀቱን በምን ልለካ?

ሽምብጥ
ዲኤስ18ቢ20፣ ውሃ ማያስገባውን፣ በብረት ቱቦ የታሸገውን። ዲጂታል ስለሆነ ኤዲኤሷን አይነካም፣ ሦስት ገመድ ነው፣ ዳታው መስመር ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት። አንዱን ሳፋው ውስጥ ጭቃው ላይ፣ አንዱን አየሩ ላይ፣ ሁለቱም በአንድ ፒን ይሰራሉ። ሰርኪዩቱን በይደሽ ስትጨርሺ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ ኃይል ከመስጠትሽ በፊት አየዋለሁ።